ከእጀታው የተላቀቀው ማጭድ

የምሥራች! ተሰረቀ።

መሰረቁን በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ፤ እብናት ገበያ መሐል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ገመድ ላይ ተሰጥቶ። የተሰረቀው በግ አይደለም፣ በቅሎም አይደለም። የጋሽ ጓንጉል ምልክት ነው። ይህ ለምን እንደሚያስደስት ለማስረዳት ግን ከካባው መነሳት አለብኝ።

ጋሽ ጓንጉል ደብረ ታቦር ውስጥ የካህናት ካባ ጠላፊ ናቸው፤ አባታቸውም ጠላፊ ነበሩ። ሙያው ደንብ አለው። ሠሪው ካባውን ሲጨርስ ከአንገቱ ሥር፣ በገበሩ በኩል፣ የራሱን ትንሽ ሐረግ ጠልፎ ያስረክባል። ለባሹ ካህን አያየውም፤ ምእመኑም አያየውም። ጋሽ ጓንጉል ዕድሜ ልካቸውን ማንም ያላየውን ምልክት ሲጠልፉ ኖሩ።

አብዮቱ ከመጣ ወዲህ ካባ የሚያሠራ ሰው ቀነሰ። ቀበሌው ደግሞ የወጣቶች ኳስ ቡድን አቋቁሞ ማሊያ ሰፊ ፈለገ። የስፖርት ኮሚቴው ሊቀመንበር ታደሰ፣ ከደሴ ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ነው፤ አረንጓዴ ጨርቅ አሸክሞ እሳቸው ቤት ገባና ለኳስ የሚሆን ልብስ ይስፉልን አላቸው። ጋሽ ጓንጉል ኳስ ጨዋታ አይተው አያውቁም። የጠየቁት ምልክታቸውን ማድረግ ይችሉ እንደሆነ ብቻ ነው። ታደሰም ሌላ ነገር እያሰበ፣ ከፈለጉ ፊት ለፊት ያድርጉት አለ።

«ፊት ለፊት» የሚለውን ቃል ጋሽ ጓንጉል እንደ ሹመት ተቀበሉት። ማሊያው ሲወጣ ሐረጉ አንገቱን ዞሮ ደረት ላይ ይወርዳል፤ በሐረጉ መሐል ትንንሽ መስቀሎች አሉ፤ ከታች ደግሞ ዘርፍ ተንጠልጥሏል። ቡድኑ ሜዳ ሲገባ አንዲት እናት ከተቀመጡበት ተነስተው እጅ ነሱ። የተጋጣሚ ደጋፊዎች ቅዳሴው ስንት ሰዓት ያልቃል እያሉ ጠየቁ። በረኛው ኳስ ሊይዝ ሲዘል ዘርፉ ጣቱ ላይ ተጠመጠመበት። ተሸነፉ።

ታደሰ መስቀሉም፣ ሐረጉም፣ ዘርፉም ይነሣ፤ በምትኩ የሠፊው ሕዝብ ምልክት ማጭድ ይግባ፤ ያውም በግራ ደረት በኩል፣ ከመዳፍ ሳይበልጥ አለ። ጋሽ ጓንጉል እሺ አሉ። ማጭድ ለእሳቸው እንግዳ አይደለም፤ ጉና ሥር ገብስ አጭደው ያደጉ ሰው ናቸው። ጉዱን ያመጣው የለመደ እጃቸው ነው። ምልክት ሁልጊዜ በገበር በኩል ይጠልፉ ስለነበር ማጭዱንም በገበሩ በኩል ጠለፉት። ጨርቁ ሲገለበጥ ማጭዱም አብሮ ተገለበጠ።

ጨዋታው በገበያ ቀን ዋለና ሜዳውን ገበሬ ሞላው። ኳሱን ያየ የለም።

«የግራኝ ማጭድ ነው» አለ አንዱ።

«ግራኝስ ሰው አይደለም? አጎቴ በግራው ነበር የሚያጭድ።»

«እሱማ አይቼዋለሁ። ከገብሱ ጉልበቱን ያጨደው ይበልጣል።»

ሽማግሌዎቹ ለሁለት ተከፈሉ። ጨዋታው አንድ ለዜሮ አለቀ፤ ማን እንዳገባ ግን የሚናገር ጠፋ።

ጋሽ ጓንጉል ይህን ሰምተው እጀታውን አወጡት። እጀታ ከሌለ ግራም ቀኝም የለም ብለው ነው። ደረት ላይ የቀረችው አንዲት ጎባጣ መስመር ብቻ ሆነች። የቡሄ ጅራፍ ናት ያለ አለ፤ ጨረቃ ናት ያለ አለ፤ ቅንድብ ናት ብሎ የማለም አለ። ተጫዋቾቹ ወደዷት፤ ቆመን እንኳ የምንሮጥ ታስመስለናለች አሉ።

ታደሰ አልወደዳትም። ሲጠይቁኝ ምንድን ናት ልበል አለ። ለመጪው የአውራጃ ውድድር ማሊያው ምንም ሳይኖርበት እንዲሰፋ፣ ጋሽ ጓንጉል እንቢ ካሉ ሥራው ለሌላ እንዲሰጥ ወሰነ። ከማንም ጋር ተከራክረው የማያውቁት ሰውዬ ያን ቀን ኮሚቴው ፊት ቀረቡ። እኔም፣ የከብት ክትባት ሠራተኛው፣ እዚያው ነበርኩ።

«ምልክት የሌለው ልብስ ጨርቅ ነው» አሉ። «ካባ ስሠራ ሰው ባያየው እግዜር ያየዋል ብዬ ዝም አልኩ። ፊት ለፊት አውጣው ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ። አንዴ ወጥቷል፤ መልሼ አልደብቀውም።»

ታደሰ ክፉ ሰው አይደለም። ትንሽ አሰበና፣ «ከዚህ ከተማ ውጭ ይህን ምልክት የሚያውቅ አንድ ሰው ካመጡልኝ ይቆይ» አለ።

ከደብረ ታቦር ውጭ ማንን ያውቃሉ? ቤታቸው ገብተው ከስፌት መኪናው ፊት ተቀመጡ፤ አልሰፉም። ባለቤታቸው እትዬ አሰለፈች፣ «ሌባ እንኳ የማይመኘውን ነገር ይዘህ ከመንግሥት ትጣላለህ?» አሏቸው።

እኔ ለከብት ክትባት እብናት የወረድኩት በዚያው ሰሞን ነው። ገበያው ዳር ፈንታሁን የሚባል ልብስ ሰፊ ማሊያ ሰቅሏል። በየማሊያው ግራ ደረት ላይ ያቺ መስመር አለች።

«ይቺ ምንድን ናት?» አልኩት።

«የደብረ ታቦሯ ናት። እሷ ከሌለችበት ገዢዎቹ ማሊያውን አይነኩልኝም።»

«ምን ማለት ናት?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? ከዚያው የመጣኸው አንተ!»

አንዱን ገዛሁ። በጭነት መኪና፣ እህል ጆንያ ላይ ተቀምጬ፣ ማሊያውን ከካፖርቴ ሥር ለብሼ ደብረ ታቦር ገባሁ።

ጋሽ ጓንጉል ማሊያውን ሲቀበሉኝ መጀመሪያ ገልብጠው ገበሩን አዩ። ክሩ ላልቷል አሉ። ቀጥሎ ፊቱን አዩ። ፈንታሁን ክር አጥሮት ይሁን ቸኩሎ እንጃ፣ የመስመሯን ጫፍ አቅጥኖ ሽቅብ ፈንጠር አድርጓታል። እሷን ብዙ አዩ።

«ተሰረቅህ» አሉ እትዬ አሰለፈች። «እንኳን ደስ ያለህ።»

«ጅራቷ ከኔ ትሻላለች» አሉ ጋሽ ጓንጉል። የራሳቸውን ማሊያ አወጡ፣ ጫፏን ተረተሩ፣ ስፌት መኪናው ፊት ተቀምጠውም እንደ ሌባው አድርገው ይጠልፏት ጀመር።

አሁን የሰረቀው ማን እንደሆነ የሚፈርድ ይፍረድ፤ እኔ ጊዜ የለኝም። የእብናቱን ማሊያ ይዤ ታደሰን ከስብሰባ ሳይወጣ ልድረስበት። «የምሥራች» ሲባል «ምሥር ብላ» ተብሎ እንደሚመለስ ደሴም ያውቁታል መሰለኝ፤ ካላወቀ እዚያው አስተምረዋለሁ። ደህና ዋሉ፣ ሄድኩ።