ጉደታና ሰባቱ ቱቦዎች

ቅዳሜ ሚያዝያ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ወንድሜ ጉደታ በማስታወሻ ደብተሩ ላይ «ሰባተኛው፦ ስተወው ይጮኻል። ዜሮውን እንደገና» ብሎ ጻፈና ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ከዚያ በኋላ ያሉት ገጾች ባዶ ናቸው። ደብተሩን ደጋግሜ አገላብጬዋለሁ፤ የተቀደደ ወረቀት የለውም።

ጉደታ ሲሞት ስልሳ አንድ ዓመቱ ነበር። መታወቂያው ሃምሳ ዘጠኝ ይላል፤ የተሳሳተው መታወቂያው ነው። የተወለድነው ወንጂ ነው፤ አባታችን ሸንኮራ ቆራጭ ነበር። ጉደታ በአሥራ ስድስት ዓመቱ የሠራተኞች ክበብ ሳክስፎን እጁ ገባ። መሣሪያው የክበቡ ንብረት ስለነበር ቤት ይዞት አይመጣም፤ እዚያው በረንዳ ላይ ይለማመድ ነበር። ለስድስት ዓመት ያህል በሰፈሩ ሙሽራ ከቤቷ ስትወጣ የሚነፋው እሱ ነበር። ራሱ ያወጣት አንዲት ዜማ ነበረችው። አራት ሐረግ አላት፤ ደጃፍ ላይ ትጀመርና የመኪናው በር ሲዘጋ ታልቃለች። ስም አላወጣላትም።

በሃያ ሁለት ዓመቱ የሳንባ ነቀርሳ ያዘው። ዳነ፤ የግራ ሳንባው ግን እንደነበረው አልሆነም። ሳክስፎኑን ለክበቡ አስረክቦ አዳማ ገባና ሬዲዮና ቴሌቪዥን መጠገን ጀመረ። ባለቤቱ የሦስት ዓመት ልጃቸውን ሲናን ትታበት ሞተች። ልጅቷን ያሳደጋት እሱ ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ አንድ ጊዜም ሲነፋ አላየሁትም።

ሲና በ2016 መስከረም ታጨች። ሠርጉ ለግንቦት 11 ተቆረጠ። ቀኑ በተቆረጠበት ዕለት ጉደታ «ሲናን ከዚህ ቤት በዜማዬ ነው የማስወጣት» አለ። ማናችንም አላመንነውም፤ ምክንያቱም ትንፋሹን እናውቀዋለን። የዜማዋ አንዱ ሐረግ አሥር ሰከንድ ይፈጃል። የጉደታ ትንፋሽ በስድስተኛው ሰከንድ ያልቅና ለመመለስ ከአንድ ደቂቃ በላይ ይወስድበት ነበር። ሆስፒታል ያለች ነርስ ከንፈሩን አሞጥሙጦ፣ ትኩስ ሻይ እንደሚያቀዘቅዝ ሰው፣ ቀስ እያለ እንዲያስወጣ አስተምራዋለች። ከዚያ ወዲህ ተቀምጦም ተኝቶም አተነፋፈሱ ያው ሆነ። ከጎን ክፍል ሆነን ግድግዳው እፍ የሚል ይመስለን ነበር።

ስለዚህ ትንፋሽ የማይጨርስ መሣሪያ ሊሠራ ተነሣ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ድምፁን ኤሌክትሪክ ያወጣዋል፣ ሰው የሚነፋው ለማዘዝ ብቻ ነው።

አንደኛውን ቱቦ ኅዳር 4 ጨረሰው። ነጭ የውሃ ቱቦ ነው፤ አፉ ላይ ከጆሮ ማዳመጫ የወጣች ማይክራፎን ተጣብቃለች። ማይክራፎኗ ትንፋሽና ጫጫታ አትለይም። በመንገዱ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ቱቦው ይነፋል።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ የሚሸኘው ባጃጁን ነው» አለችው ሲና።

«አንቺን ወደ ባልሽ ቤት፣ ደራ፣ የሚወስድሽ ምን ሆነና? ባጃጅ ነው።»

«በባጃጅ ከሆነማ አላገባም።»

ለሁለተኛው ከተበላሸ የደም ግፊት መለኪያ ውስጥ ግፊት የምትለካዋን ክፍል አወጣ። ሱቁን የሚጋራው ጃፋር፣ ሞባይል ጠጋኙ፣ ፕሮግራሙን ጻፈለት። ጣት የሚያርፍባቸውን ቁልፎች ከሪሞት ወስዶ ነበር፤ ሲጫኑ ቋ ቋ ይላሉ፣ ይዘገያሉም። በሦስተኛው ላይ ሪሞቱን ትቶ የድሮ አሥር ሳንቲሞችን በየተርታቸው በየደ፤ ጣት ሲነካቸው ይበቃቸዋል። ይህ ከሁሉም ያማረው ነበር። ጥር ላይ ግን የአዳማ ነፋስ ሲነሣ በሱቁ በር የገባው አቧራ አፉን ደፈነው።

አራተኛውን ይዞ ቦኩ ሄደ። ከከተማው ዳር ከመሬት ስንጥቅ እንፋሎት የሚወጣበት ቦታ ነው፤ ለደረቱ ይሻለኛል እያለ በሳምንት አንድ ቀን ይቀመጥበት ነበር። የካቲት 9 የቱቦውን አፍ ስንጥቁ ላይ ደፋው። የጻፈውን እንዳለ እገለብጣለሁ፦ «መሬት ሳታርፍ አራት ደቂቃ ነፋች። አብረውኝ የተቀመጡት ተነሥተው ሄዱ። እኔ ቀናሁባት።» እንፋሎቱ ውስጡ ገብቶ ስለነበር ቱቦው ቤት ሳይደርስ ሞተ።

ለአምስተኛው ምራቅና እርጥበት ወደ መለኪያዋ እንዳያልፍ የግሉኮስ ቱቦ በመሐል አስገባ። አሁን ሁለት ሐረግ ያህል ወጣለት፤ ሦስተኛው ላይ ትንፋሹ አለቀ። መላውን ያመጣው ጃፋር ነው።

«ጋሼ፣ ሲያስወጡ ብቻ ለምን? ሲያስገቡም ይናገር እንጂ።»

ጉደታ የያዘውን መበየጃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ ይላል ጃፋር። ከዚያ «እስከ ዛሬ የት ነበርክ፣ አንተ ሌባ» አለው።

ስድስተኛው እንዲህ ተሠራ። ግፊቱ ወደ ላይም ወደ ታችም ቢሄድ፣ ከዜሮው ከራቀ ድምፅ ይሰጣል። ደብተሩ ሳያቋርጥ 31 ሰከንድ እንደነፋበት ይናገራል። በስልኩ ላይ ያለውን ቅጂ በሰዓት ለካሁት፤ 29 ነው። ለዜማዋ አሥራ አንድ ሰከንድ ይቀራል። ሰባተኛው ያንኑ የሚመስል፣ መለኪያው ግን ትንሿን ትንፋሽም የሚለይ ነው። ሚያዝያ 10 ቀን አለቀ፤ ዜሮውን የያዘው ራሱ ነው። ዜሮ መያዝ ማለት አንድ ቁልፍ ተጭኖ ለመሣሪያው «ዝምታ ይህ ነው» ብሎ መንገር ነው። መሣሪያው የተነገረውን አይረሳም።

እሑድ ሚያዝያ 13 ልጠይቀው ሄድኩ። ከንፈሩ አመድ መስሏል። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ ሳክስፎን የሚነፋ ልጅ ይፈለግ» አልኩት።

«አንቺ የምትሠሪበት መዝገብ ቤት ውስጥ ፈልጊ። እዚያ የማይገኝ ሰው አለ እንዴ?»

«በደረትህ ነው የምትቀልደው።»

«ደረቴ ከእኔ የባሰ ቀልደኛ ነው።» ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቅሁት። «አስብበታለሁ» አለ በመጨረሻ።

ሰኞ በሦስት ሰዓት ከቤት ወጣ፤ ለማንም ወዴት እንደሚሄድ አልተናገረም። ስድስት ሰዓት ላይ ተመልሶ ትንሽ ልጋደም አለ። ሲና ምሳ ልትሰጠው ስትገባ ግድግዳው ዝም ብሎ ነበር። ማክሰኞ ቀበርነው።

ረቡዕ ለቅሶ ቤቱ ሰው አልጎደለበትም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ከእሑድ ጀምሮ ጠፍቶ የነበረው መብራት መጣ። አምፖሉ በራ፤ ወዲያው ከተዘጋው የሥራ ክፍሉ ድምፅ ተሰማ። ቀጭን ነው፤ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ግን አያቋርጥም። ሰው የሚያወራውን ተወ። ጎረቤታችን ወይዘሮ ፀሐይቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«ጉደታ ነው እኮ» አሉ ቀስ ብለው። «አልቀበርነውም እንዴ?»

በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ክፍሉ ውስጥ ማንም አልነበረም። ሰባተኛው ቱቦ ቻርጀሩ እንደተሰካ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል፤ ሳንቲሞቹን የነካ የለም። መስኮቱ አንድ ስንዝር ያህል ተከፍቷል። ጃፋር ተከትሎኝ ገባና መስኮቱን ዘጋው፤ የቱቦውን አፍም በመዳፉ ደፈነው። የድምፁ መወዛወዝ ቀረ። ድምፁ ግን ቀጥ ብሎ ቀጠለ፤ ይህ ከፊተኛው የከፋ ነበር።

«ነፍሱ ነው እንዳትለኝ» አልኩት።

«አይደለም እቴቴ። ቆዩ።» ቱቦውን ከላፕቶፑ ጋር አገናኘው። ብዙ አልፈጀበትም። «ዜሮው ነው። ባዶ አየር ዜሮ መሆን ሲገባው እሳቸው አሥራ አራት ላይ ይዘውታል። ለእሱ ዝምታ ማለት አሥራ አራት ነው፤ ከዚያ ከፍ ቢልም ዝቅ ቢልም ይጮኻል። አፋቸው ውስጥ አድርገው፣ እያረፉ ነው የያዙት መሰለኝ።» ወደ ሲና ዞረ። «ሲያርፉ እንዴት ነበር የሚተነፍሱት?»

ሲና ወደ ጠረጴዛው ቀረበች። ቱቦውን ከእጁ ወሰደች፣ ከንፈሯን አሞጠሞጠች፣ ሻይ እንደምታቀዘቅዝ ቀስ ብላ ወደ ውስጡ እፍ አለች።

ድምፁ ጠፋ።

ከበሩ ባሻገር ሰዎች ቆመው እያዩ ነበር። ሲና እፍ እንዳለች ቆየች፤ ዐይኖቿ ግድግዳው ላይ ናቸው። ትንፋሿ ሲያልቅ ቱቦው ካቆመበት ጀመረ። አየር ሳበችና ደገመችው፤ እንደገና ዝም አለ። አባቷ ሚያዝያ 10 ቀን እዚያ ቁጭ ብሎ ያሳረፈው ትንፋሽ ሲገኝ ይረጋል፤ ሲታጣ ይናገራል። በስተመጨረሻ ወይዘሮ ፀሐይቱ መጥተው ትከሻዋን ያዟት።

«ተይ ልጄ። ይበቃል።»

«አንድ ቁልፍ ነው» አለ ጃፋር። «በባዶ አየር ልያዘው? ለሁልጊዜው ዝም ይላል።»

«አትንካው» አለች ሲና።

ቻርጀሩን ከነሶኬቱ ነቀልኩት። የራሱ ባትሪ ስላልተገጠመለት ዝም አለ። አሥራ አራት ቁጥርን ከነቀኑ በወረቀት ጽፌ ቱቦው ላይ አስሬያለሁ። ቀሪዎቹን ስድስቱንም እንደዚሁ አድርጌ በአንድ ሳጥን አስቀምጫቸዋለሁ። ሠርጉ ለሰኔ ተላለፈ።

አንድ ነገር ግን ሳይመዘገብ ቀርቶብኝ ነበር፤ ሰኞ ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት። ምክሬን ሰምቶ ሳክስፎን የሚነፋ ሰው ሊፈልግ ወጥቶ እንደሆነ፣ ማለትም ተስፋ ቆርጦ እንደሆነ፣ ማወቅ ነበረብኝ። ሰፈሩን ጠየቅሁ። በዐሥረኛው ቀን ገበያው አጠገብ በረንዳ ላይ ልብስ የሚሰፋው ኢፋ «ኦቦ ጉደታ? እኔ ጋ ነበሩ» አለኝ።

ያመጣው ጥቁሩን ኮቱን ነበር፤ ለሠርጉ ያሰፋውን። በግራ በኩል በውስጡ ኪስ እንዲሠራለት ጠየቀ።

«ኪስ አለው እኮ» አለው ኢፋ።

«ይሄ የባትሪ ነው። ጠበቅ ይበል። ከሥሩ ቀዳዳ ተውልኝ፤ ሽቦው በእጅጌዬ ይወጣል።»

«ኦቦ ጉደታ፣ ሙሽራው እርስዎ ነዎት እንዴ?»

«እኔ ሙሽራዋን ነው የማስወጣት።»

ኢፋ ለነገ ይምጡ ቢለውም አልሄደም። በርጩማው ላይ ተቀምጦ፣ ከንፈሩን አሞጥሙጦ እየተነፈሰ፣ ሲሰፋ አየው። ሲያልቅ ለብሶ ከኪሱ ያወጣትን ፓወር ባንክ ከተተባት፤ ጎንበስ ቀና አለ። የታችኛው ማዕዘን ላላ ብሏል አለና አስፈትቶ አሰፋው። ከዚያ ኮቱን በክንዱ ላይ አጥፎ ባጃጅ ያዘ፤ ቤት ገብቶ በሩ ጀርባ ባለው ሚስማር ላይ ሰቀለው።