የእማማ ዝማም ሰላምታ

ዛሬ እሁድ የልጅ ልጆቼ ከጓደኞቻቸው ጋር ሲኒማ ገብተው፣ ብስክሌት ሲነዱ ውለው ኢንተርኔት ላይ የለጠፉትን እስከ መጨረሻው አነበብኩ።

ስሜን ፈለግሁ። መነጽሬን ሁለቴ ወለወልኩ።

በጃንሆይ ጊዜ ሰቆጣ አስተማሪ ሳለሁ፣ እሁድ እሁድ ለጎረቤቱ ሁሉ ደብዳቤ የማነብለት እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ጎረቤቴ እማማ ዝማም «ዛሬ ደግሞ የራስህን አንብብልኝ» አሉኝ።

ደሴ ያሉ ጓደኞቼ የጻፉልኝን አነበብኩላቸው፦ ሲኒማ ገብተዋል፤ የኪራይ ብስክሌት ተራ በተራ ነድተዋል። «ያንተ ተራ ሲደርስ አቁመን ጠበቅንህ» ይላል ደብዳቤው።

እማማ ሲኒማ ምን እንደሆነ አልጠየቁም። «እኔንስ ሰላም አላሉኝም?» አሉ። ያኔ ጎረቤቱን በስም ሰላም የማይል ደብዳቤ፣ ደብዳቤ አይባልም ነበር።

«ብለዋል እንጂ!» ብዬ ዋሸሁ።

ዛሬ ለእኔ «ብለውሃል እንጂ!» ብሎ የሚዋሽልኝ አጣሁ። እስቲ ንገሩኝ፣ እናንተስ ዛሬ ማንን ሰላም ሳትሉ ዋላችሁ?