በአባቴ ደጅ የቆመው ሰው

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆች ቤት በሚውሉበት ወቅት ነው። ፍጻሜው መልካም ሆኖልኛል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ፍርሃቱ ግን ከውስጤ ጨርሶ አልወጣም። የልጄ ስልክ ድምፅ ባሰማ ቁጥር እጄ ስፌቱ ላይ ይቆማል።

የምኖረው ሆሳዕና ነው። ቤቴ በረንዳ ላይ ልብስ እሰፋለሁ። ባለቤቴ ሆመቾ ከተማ ያስተምራል፤ በዚያ ክረምትም ሥራ ስለነበረው የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር። ልጃችን ፀጋ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው።

ፀጋ በስልኳ የምትገባበት አንድ ዓለም አለ። ሰው እዚያ የራሱን መልክ ይሠራል፣ ይራመዳል፣ ቤት ይሠራል፣ ከየአገሩ ከመጣ ሰው ጋር ይጫወታል። መጀመሪያ አልወደድኩትም ነበር። በኋላ የምትሠራውን ሳይ ተውኳት። ሌሎች ፎቅና መኪና ሲሠሩ እሷ ጊምቢቹ ያለውን የአባቴን ግቢ ሠራች። ክብ የሣር ቤት፣ ከጀርባው እንሰት፣ ከፊቱ የእንጨት አጥርና በር። እንሰት እዚያ ስለማይገኝ ሙዝ ወስዳ ቅጠሉን አሰፋች፣ ግንዱን አወፈረችው። "እማዬ፣ ከብቶቹ የሚያድሩት በየት በኩል ነው?" ትለኛለች፤ ከስፌቴ ሳልነሳ እነግራታለሁ።

አባቴ ካረፈ ጥቂት ዓመታት ሆነው። በሩ አጠገብ የሚቀመጥባትን ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀምጪ ያልኳት እኔ ነኝ። ስታስቀምጣት እንባዬ መጣ።

ግቢውን "ጊምቢቹ" ብላ ሰየመችው። እንግዶች መምጣት ጀመሩ። አጥር ዘለው ይገባሉ፣ ጣራ ላይ ይወጣሉ፣ ያደንቃሉ። የሩቅ አገር ልጅ "ይህን ግንድ ትበሉታላችሁ?" ብላ ስትደነግጥ፣ ፀጋ ቆጮ እንዴት እንደሚዘጋጅ በእንግሊዝኛ ስታስረዳት እኔም እስቃለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ፀጋ በሳቅ ፈረሰች።

"እማዬ፣ ነይ እይ! ይሄ ሰውዬ ምን ዓይነት ጭፈራ ነው የሚጨፍረው?"

ሄጄ አየሁ። ልብስም መልክም ያልመረጠ፣ ግራጫ የሆነ ሰው ከበሩ ውጭ ቆሟል። በስሙ ቦታ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ጎንበስ ቀና ይላል። ፀጋም የራሷን ምስል እንደ እሱ እጇን አናቷ ላይ አስጭናት ታወዛውዛታለች።

እኛ ዘንድ እጅ እንዲህ አናት ላይ የሚጫነው ሰው ሲሞት ነው። ፀጋ ከተማ ያደገች ናት፤ የገጠሩን ለቅሶ አታውቀውም።

"እጅሽን አውርጂ!" ብዬ ጮህኩባት።

"እማዬ፣ እጄ እኮ ስልኩን ነው የያዘው።"

"አውርጂ ብያለሁ!"

አወረደች። ሰውየው ግን አላወረደም። አይናገር፣ አይገባ፣ አይሄድ። ስልኩን አስዘግቼ ጸለይኩ። የሞት ጥላ ደጃችን የቆመ መስሎኝ፣ ሆመቾ ደውዬ የባለቤቴን ድምፅ ካልሰማሁ አላርፍም አልኩ።

በማግስቱም መጣ። በሚቀጥለውም ቀን። ሁልጊዜ ከሰዓት፣ ሁልጊዜ ከበሩ ውጭ። ከዚያ መጻፍ ጀመረ። በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ ቋንቋው ግን አማርኛ ነበር።

"በሩ ላይ የነበረው ዝግባ የት ሄደ?"

ፀጋ ወደ እኔ ዞረች። "የምን ዝግባ ነው እማዬ?"

በአባቴ በር ላይ በእውነት ትልቅ ዝግባ ነበር። የተቆረጠው ግን ፀጋ ሳትወለድ ነው። ነግሬያት አላውቅም። ይህ ሰው የሚያየው የልጄን ሥዕል ብቻ አይደለም፤ ቤታችንን ያውቀዋል ማለት ነው።

ቀጥሎ የጻፈው ባሰ። "ልጅ ነሽ? እናትሽ ማን ትባላለች? አሁን የት ነው ያላችሁት?"

ይህን መንገድ ላይ ሽማግሌ ቢጠይቃት አልደነግጥም ነበር። የማን ልጅ እንደሆንሽ ንገሪኝ ማለት የእኛ አገር ሰላምታ ነው። ነገር ግን በከተማችን በደላላ ወሬ ተታልለው ወደ ደቡብ አፍሪካ መንገድ የወጡ ልጆች ብዙ ናቸው። እነሱንም መጀመሪያ ያናገራቸው ሰው አገራቸውን የሚያውቅ፣ ቤተሰባቸውን የሚጠራ ነበር። ስልኩን ነጥቄ መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩት፤ የስፌት መኪናዬን ማለቴ ነው።

ለጎረቤቴ ለእትዬ አበበች ስነግራቸው፣ "የፀጋ እናት፣ ምን ትጠብቂያለሽ? በድንጋይ ሰብረሽ ጣዪው!" አሉኝ። ፀጋ በበኩሏ አልቅሳ ዓይኗ አበጠ። "እኔ በሌለሁበት ገብቶ የአያቴን ቤት ቢያፈርሰውስ?" አለች። እኔ የምፈራው ለእሷ ነው፤ እሷ የምትፈራው ለቤቱ።

ከዚያ በኋላ ብቻዋን ሱቅ አልላክኋትም። ባጃጅ በራችን ላይ ፍጥነት ከቀነሰ እነሳለሁ። አንድ ቀን የማላውቀው ጎልማሳ የግቢውን በር ይዞ ወደ ውስጥ ሲያይ አገኘሁት። የጨርቅ መቀሴን እንደጨበጥኩ ወጣሁ።

"ምን ፈለግህ?"

ሰውየው መቀሱን አይቶ ወደ ኋላ አፈገፈገ። "እትዬ፣ ሱሪዬን ነው እኮ። ወንድሜ ለማሳጠር ሰጥቷችሁ ነበር። ካልደረሰ ... ሌላ ቀን እመጣለሁ።"

ፀጋ ከውስጥ ስትስቅ ሰማኋት። እኔ አልሳቅሁም። መቀሱን እንደያዝኩ ሱሪውን ፍለጋ ገባሁ።

ቅዳሜ ባለቤቴ መጣ። ነገሩን ሁሉ ሰምቶ፣ "ሸሽተን ማንነቱን አናውቅም። ሦስታችንም ሆነን እንየው" አለ። ጸልየን ስልኩን ከፈትን። አግዳሚው ላይ ፀጋን መሐል አድርገን ተቀመጥን።

ግራጫው ሰው እዚያው ነበር። እጁ አናቱ ላይ ነው።

"እኔ ልጻፍለት" አለ ባለቤቴ።

"የአባቴ ቤት ነው። የምጠይቀው እኔ ነኝ" አልኩ። ፀጋን፣ "የማን ልጅ ነህ? በይው" አልኳት።

ቆየ። ከዚያ መልሱ መጣ።

"የላምቤቦ።"

ላምቤቦ አባቴ ነው። አባቴ ደግሞ ያለው ወንድ ልጅ አንድ ብቻ ነው፤ ታናሽ ወንድሜ ማርቆስ። ፀጋ ሳትወለድ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። ይደውል ነበር። አባታችን ካረፈ ወዲህ ግን ስልኩ ጠፋ፤ ሰው ልከን ብናፈላልግም አላገኘነውም። ሞቷል የሚሉ ነበሩ።

ልቤ ዘለለ። ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። ደላላም የአባቴን ስም ሊያውቅ ይችላል። ስለዚህ ፈተንኩት። "ከዝግባው ወድቀህ የተሰበረው የትኛው እጅህ ነው?" ብዬ በፀጋ አስጻፍኩ።

አሁን ቶሎ መለሰ። "የወደቅሽው አንቺ ነሽ። የተገረፍኩት እኔ ነኝ።"

ከእኔና ከእሱ በቀር ይህን እንዲህ የሚናገር ሰው በምድር ላይ የለም። ፀጋ ድምፅ የሚያስተላልፈውን ነካችልኝ። "ማርቆስ" አልኩ።

ከዚያ ወገን ልቅሶ ብቻ መጣ። የትልቅ ሰው፣ የወንድ ልቅሶ። ባለቤቴ ፊቱን አዞረ።

"እቴ፣" አለ በመጨረሻ፣ "አባባን አልቀበርኩትም። አፈር አልመለስኩበትም። በምን አፌ ልደውልልሽ?"

እዚያ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ውስጥ ነው የሚሠራው። ገበያ ሲቀዘቅዝ በዚህ ዓለም ውስጥ ይዘዋወራል። አንድ ቀን መፈለጊያው ላይ እንዲያው ለናፍቆት "ጊምቢቹ" ብሎ ጻፈ፤ የፀጋ ግቢ ወጣለት። መጀመሪያ የማንም ቤት መስሎት ነበር። ድንጋይዋን ሲያይ አወቀ።

"ታዲያ ለምን አልገባህም? ልጄን ለምን ታስፈራራታለህ?" አልኩት። በልቅሶ መሐል ተቆጣሁ።

"ማን ግባ አለኝ?" አለ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ለቅሶ ዘግይቶ የደረሰ ሰው ዝም ብሎ አይገባም። ደጅ ቆሞ ያለቅሳል፤ የቤቱ ሰው ወጥቶ እጁን ይዞ ያስገባዋል። ሌሎቹ እንግዶች ሁሉ አጥር ዘለው ገቡ። እሱ ብቻ የአባቱ ደጅ ላይ እነዚያን ቀናት ሁሉ ቆመ። እኔ ደግሞ የለቅሶውን ምልክት አየሁና ለቀስተኛውን ሳላውቀው ቀረሁ።

"እጅ መያዝ ይቻላል?" ብዬ ፀጋን ጠየቅኋት።

"ይቻላል" አለች። እሷም ታለቅስ ነበር። ምስሏን ወደ በሩ ወሰደቻት። ስልኩን ሰጥታኝ የት እንደምነካ አሳየችኝ። አልለመድኩምና መጀመሪያ አጥሩን ገጨሁ። ማርቆስ ልቅሶው መሐል ሳቀ፤ "አሁንም እንደ ድሮሽ ነሽ" አለኝ። ከዚያ እጁን ያዝኩ። በድንጋይዋ አጠገብ አልፈን ቤት አስገባሁት። ባለቤቴ ጸሎት አደረገ።

አሁን እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይደውላል። ስለ ዝግባው ለፀጋ ይነግራታል፤ እሷም ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ እየሠራችው ነው። ያለ እኔ ግን ያን ዓለም አትከፍትም። በደጅ የሚቆም ሁሉ ማርቆስ አይደለም፤ ልጄን ስለጠበቀልኝ፣ ወንድሜንም ስለመለሰልኝ ጌታን አመሰግናለሁ።

በቀደም ፀጋ የዚያን ግቢ በር ልትዘጋ ስትል "ተይው፣ ክፍት ይሁን" አልኳት። ትንሽ ሰፍቼ ቀና አልኩ።

"ዝጊው" አልኳት። "አጎትሽ ደጅ ቆሞ መጠበቅ ያውቃል።"