ያልያዘችው ብሎን

ይህን ነገር እስካለፈው ሰሞን ድረስ ለሰው ተንፍሼው አላውቅም ነበር። ሚስቴ አታውቀውም። ንስሐ አባቴ ፊት ተንበርክኬ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር፣ ይቺን ግን ምላሴ ጫፍ ላይ አድርሼ እውጣታለሁ። አሁን ለአንተ፣ ለማላውቅህ አንባቢ፣ ልናገር ነው። ሰምተህ ስትጨርስ ግን እንዳታዝንልኝ።

ደብረ ብርሃን ውስጥ የበርና የመስኮት ብረት የምሠራባት ትንሽ ብየዳ ቤት አለችኝ። አለምነሽን ያወቅኋት ከብየዳ ቤቴ ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ ነው። ባሏን ወለጋ ቀብራ፣ ቤት ንብረቷን ጥላ፣ ከአንዲት ልጇ ከብርቱካን ጋር እዚህ የተፈናቃዮች መጠለያ የገባች ሴት ናት። ከፈረሱ ቤቶች የተጣለ የኤሌክትሪክ ሽቦ እየለቀመች፣ ፕላስቲኩን አቃጥላ መዳቡን ለቆራሌ ትሸጣለች። ጭሱ ጥቁር ነው፤ ጉሮሮ ይይዛል። ብርቱካን ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷን ታግዛለች፤ ሌሊቱን ስትስል ታድራለች አሉ።

"ማቃጠሉን ተይው እህቴ" አልኳት አንድ ቀን፣ "እኔ የሽቦ መላጫ እሠራልሻለሁ።"

ሐሳቤ ጥሩ ነበር። ዛሬም ይበልጥ የሚያሳፍረኝ ይኸው ነው።

ጣውላ ላይ እንደ ጎማ የሚሽከረከሩ ሁለት አሮጌ ኩሽኔታዎች ጎን ለጎን አሰርኩ፤ ሽቦው በመሃላቸው ያልፋል። ከላያቸው ስለት ያለው ምላጭ ገጠምኩ። ሽቦውን በግራ እጅ እየገፉ በቀኝ ሲስቡት ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል። ለራሴ ከዚያ በፊት አንድ ሠርቼ ስለነበር ጠባዩን አውቀዋለሁ። ምላጩ በሁለት ብሎን ካልተያዘ፣ ወፍራም ሽቦ ሲመጣ ይዞራል። ሲዞር ደግሞ የሚዞረው ወደሚገፋው እጅ ነው። ይህን አውቅ ነበር። እኔ አውቅ ነበር።

ሁለተኛውን ቀዳዳ ስበሳ የመብሻው ፑንታ ተሰበረ። ገበያ ወጥቼ ሌላ መግዛት ነበረብኝ። ያን ቀን ግን ጎረቤላ ከተማ የአክስቴ ልጅ ሠርግ ነበረ፤ ሚኒባሱም ሞልቶ እኔን ብቻ ይጠብቃል። ታዲያ ምን አደረግሁ? የብሎን ራስ ቆርጬ፣ ባልተበሳው ቦታ ላይ በብየዳ ነካ አድርጌ ለጠፍኩት። ላየው ሰው ሁለት ብሎን ነው፤ ምላጩን የያዘው ግን አንዱ ብቻ ነው።

ከሠርግ ስመለስ አስተካክለዋለሁ ብዬ ለአለምነሽ ሰጠኋት። ተመለስኩ፤ አላስተካከልኩም። እሷ እየሠራችበት ነበር። የብርቱካን ሳል ቀነሰ። ሰፈሩም "እንዲህ ያለ ደግ ሰው!" ይለኝ ጀመር። መላጫውን መልሽልኝ ብል ምን ብዬ ነው? አታልዬሻለሁ ልበል? ምስጋናው ጣፈጠኝና ዝም አልኩ።

አንድ ቀን ብርቱካን ጣውላውን ይዛላት እናቷ ወፍራም ሽቦ ስትገፋ ምላጩ ዞረ። የአለምነሽን የግራ እጅ ጅማት በጠሰው። ሆስፒታል ሰፉላት፤ ጣቶቿ ግን ከዚያ ወዲህ አልታጠፉም።

ልጠይቃት መጠለያው ሄድኩ። እውነቱን ልናገር? ዓይኔ በመጀመሪያ የፈለገው እጇን አልነበረም፤ መላጫውን ነው። ጥግ ላይ ተጥሏል። የለጠፍኩት የብሎን ራስ ረግፎ ጠፍቷል። ማንም አላስተዋለም።

"ምን ሆኖ ነው እንዲህ የዞረው፣ ወንድሜ?" አለችኝ አለምነሽ።

"ጣውላው ተነቃንቆ ይሆናል" አልኩ። "አጥብቀው ካልያዙት እንዲህ ያደርጋል።"

እናትየዋ ልጇን አየቻት። ብርቱካን መዳፎቿን ገልብጣ እያየች፣ "አጥብቄ ይዤው ነበር እኮ" አለች። ድምፅዋ ራሷን ያመነ አይመስልም ነበር። አለምነሽ ልጇን ገረመመቻት። ወደ እኔ ዞር ብላ ግን፣ "በጎ ሠርተህልን መጥፎ ስም ልናወጣብህ ነበር፤ ይቅር በለን" አለችኝ። እኔን! እኔን ነው ይቅርታ የጠየቀችው!

እኔስ? "ግድ የለም" አልኳት። "ላስተካክለው" ብዬ መላጫውን ይዤ ወጣሁ፤ ብየዳ ቤቴ ገብቼ በግራይንደር ቆራረጥኩት።

ብርቱካን ብዙ ሳትቆይ ትምህርቷን አቋርጣ አዲስ አበባ ሰው ቤት ተቀጠረች። "እጇን ያሳጣኋት እኔ ነኝ፤ እኔው እጦራታለሁ" ብላ እንደሄደች ጎረቤቶቿ ነገሩኝ። ለፋሲካም አልመጣች፣ ለእንቁጣጣሽም አልመጣች። እኔ ደግሞ በየበዓሉ ለእናቷ ዘይትና ዱቄት እየወሰድኩ ተመረቅሁ። አሜን፣ አሜን እያልኩ ምርቃቱን ተቀበልኩ። ምን ዓይነት ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው? እኔ ነኛ!

ያለፈው ሰሞን እንደ ልማዴ ሄጄ አለምነሽን በር ላይ ፀሐይ ስትሞቅ አገኘኋት።

"ብርቱካን ስትደውል ጤናዬን ጠይቃ ትዘጋለች" አለችኝ። "ያን ጊዜ በዓይኔ ነው የገረፍኳት። አሁን በምን አፌ ነይ ልበላት?"

ከዚህ በላይ መዋጥ አቃተኝ። ፑንታውን፣ ሠርጉን፣ የለጠፍኩትን ራስ፣ የቆራረጥኩትን መላጫ፣ ሁሉንም ነገርኳት። አልጮኸችም። የደረቁትን ጣቶቿን በደህናው እጇ ጨብጣ እስክጨርስ ሰማችኝ። እግሯ ላይ ወድቄ ይቅር በይኝ ስላት እግሯን ሰበሰበች።

"ለኔ አይደለም፤ ለእሷ ንገራት" አለች። ስልኳን አወጣች፤ ደወለችና ሰጠችኝ።

"እማ?" አለ የብርቱካን ድምፅ።

ማን እንደሆንኩ ነገርኳት፤ ቀጥዬም ያደረግሁትን። ከወዲያ ማዶ ውሃ ሲፈስ ይሰማ ነበር፤ ዕቃ እያጠበች ይሆናል። መሃል ላይ ውሃው ተዘጋ።

"ጋሼ" አለችኝ ስጨርስ፣ "እማ እየሰማች ነው?"

"አጠገቤ ናት።"

"እንግዲያው ድምፁን ከፍ ያድርጉትና እንደገና ይንገሩኝ። እሷም ትስማው።"

እንደገና ነገርኳት። ስልኩን ለእናቷ መልሼ ስወጣ ሁለቱም እያለቀሱ ነበር።

ይቅር አላሉኝም። ብርቱካንም እስካሁን አልመጣችም። እኔም ቸኩዬ ነበር አልልም፤ መኪና ሊያመልጠኝ ነበር አልልም። የቸኮልኩት አንድ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ቀን ሁሉ፣ ጥፋቴን አንዲት ልጅ ስትሸከምልኝ እያየሁ፣ ደግ ሰው ተብዬ ተኝቼ አድሬአለሁ።