በፊርማ የወጣ ሥጋ

እናቴ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ካዛንቺስ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበረች። ለሌላው ሰው መዝገብ ቤት ፋይል የሚከማችበት ክፍል ነው፤ እሷ ግን ቤተ መቅደስ አድርጋው ነበር። ኃላፊም ይሁን ዘበኛ ሳይፈርም ወረቀት ይዞ አይወጣም። የወሰደውን በቀኑ ካልመለሰ ቢሮው ድረስ ሄዳ ጠረጴዛው አጠገብ ትቆማለች። አትናገርም፤ ዝም ብላ ትቆማለች። ሰዎቹ ከጭቅጭቅ ይልቅ ያንን ዝምታ ይፈሩት እንደነበር ነግረውኛል።

ጡረታ ብትወጣም አመሏ አልወጣም። ላንቻ ካለው ቤታችን ጎረቤት ወንፊት ቢዋስ እንኳ በደብተር ይጻፋል። እኔ ከእሷ ጋር የምኖር ያላገባች ልጇ ነኝ፤ በዚህ ደብተር ስቀልድባት ነው ያረጀሁት።

ሚሊኒየሙ ካለፈ ጥቂት ዓመት በኋላ ነው። አንድ እሑድ ቀሚሷን ከኋላ ስቆልፍላት እጄ ሾልኮ ግራ ጡቷ ጎን ላይ አንድ ጠጣር ነገር ነካ። ባቄላ ታህላለች።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የቆየ ነው።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከፋሲካ።"

ፋሲካ ካለፈ አምስት ወር ሆኖታል። የጎረቤት ወንፊት የወጣበትን ቀን የምትጽፍ ሴት ይህችን የትም አልመዘገበቻትም። ተናደድኩ። ከንዴቱ በታች ደግሞ ፍርሃት ነበር፤ ፍርሃቱን ላለማሳየት ንዴቱን አበዛሁት።

በማግስቱ ከቢሮዬ ጀርባ ወዳለ ክሊኒክ ጎትቼ ወሰድኳት። ሐኪሙ ጨዋ ሰው ነው። በአልትራሳውንድ ካየ በኋላ፣ እጢዋ ምን እንደሆነች በመልኳ ብቻ መናገር እንደማይችል፣ በመርፌ ናሙና ወስዶ ማስመርመር እንዳለበት ነገረን።

"መርፌው ትንሽ ወፈር ያለ ነው፣ እማማ። እንደ ክር የቀጠነ ሥጋ ይዞ ይወጣል። ከዚያ ባለሙያ አይቶ ክፉውን ከደጉ ይለያል።"

እናቴ ነጠላዋን ወደ ደረቷ ሰበሰበች። "እጢ ብረት ከነካው ይቆጣል" አለችው።

"ሰው ነው እንደዚያ የሚለው። አብዛኛው ሰው የሚመጣው ከዘገየ በኋላ ነው፤ ከዚያ በሽታው ያደረሰውን በመርፌው ያሳብባል።"

"እንግዲህ ሰውም የሚለው አንድ ነገር አይቶ ነው" አለችና ተነሣች።

ሁለት ሳምንት ተጨቃጨቅን። ማለቴ፣ እኔ እጨቃጨቃለሁ፣ እሷ ሽንኩርት ትልጣለች። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ቢላዋውን አስቀምጣ፣ "የሚወስዱትን ይመልሱልኛል?" ብላ ጠየቀችኝ።

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

"ከእኔ የወጣ ነው። ስሞት ከእኔ ጋር ይቀበራል። የትም ተጥሎ እንዲቀር አልፈልግም።"

"እማዬ፣ ክር የምታህል ነገር እኮ ናት።"

"ክርም ብትሆን ክሬ ናት።"

አስመልሳለሁ ብዬ ማልኩላት። መሐላው አልበቃትም፤ ደብተሩን አመጣች። በዚያ በሚያምር የቢሮ ጽሕፈቷ "የወጣው፦ ከግራ ጡት ሥጋ። የወሰደችው፦ ልጄ። ሁኔታ፦ ተመላሽ" ብላ ጻፈችና እስክሪብቶውን አቀበለችኝ። "ማኅተምስ?" አልኳት። "ማኅተሙ መሥሪያ ቤት ቀረ" አለች፣ የምሯን። ፈረምኩ። እውነቱን ለመናገር፣ እያወቅሁ ነው የዋሸኋት። ላቦራቶሪ ሥጋ ይመልሳል ብዬ በሕልሜም አስቤ አላውቅም፤ ወደ መርፌው ትሂድልኝ እንጂ ሌላው ሌላ ጊዜ ይታሰብበታል ብዬ ነው።

ዓርብ ዕለት ሐኪሙ ቦታውን ካደነዘዘ በኋላ፣ ድምፁ እንዳያስደነግጣት መሣሪያውን መጀመሪያ ባዶ አየር ላይ አስጮኸላት። ቀጭ አለ።

"ስቴፕለር ነው እንዴ?" አለች።

"እንደዚያ ቢያስቡትም ይሆናል።"

ቀጭ ባለ ቁጥር ጣሪያውን እያየች ትቆጥር ጀመር። ሐኪሙ ጨርሶ ለነርሷ "አራት ብለሽ ጻፊ" ሲል፣ እናቴ ከተኛችበት "አምስት ነው" አለችው። ብልቃጡን አንሥቶ አየ። ሥጋው እንዳይበላሽ ከተቀዳው ፎርማሊን ውስጥ አምስት ነጫጭ ክሮች ነበሩ። "ልክ ነዎት" አላት። እናቴ አልኮራችም፤ ፋይል አጉድለው የሚመዘግቡ ሰዎችን የለመደች ናት። ውጤቱ ሰኞ ሳይሆን በሚቀጥለው ሰኞ እንደሚደርስ ለሁለታችንም ነገረንና ሸኘን።

ክሊኒኩ የራሱ ላቦራቶሪ ስለሌለው ናሙናውን የሚያደርሰው ቤተሰብ ነው። እናቴን ቤት አስገብቼ ብልቃጡን ይዤ ወደ ኦሎምፒያ ታክሲ ተሳፈርኩ። ክዳኑ ጠብቆ ተዘግቶም ሽታው ያፈተልካል። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ አፍንጫቸውን በነጠላ ይዘው "ምንድን ነው የያዝሽው፣ ልጄ?" አሉኝ። "መድኃኒት ነው" አልኳቸው። እናቴን ጉልበቴ ላይ ይዤ ነው የምሄደው። ቀልዴ ሁሉ እዚያ ታክሲ ውስጥ አለቀብኝ፤ እንባዬ መጣ።

በቀጠሮው ሰኞ ውጤቱን ተቀብዬ የላቦራቶሪው በር ላይ ከፈትኩት። ከእንግሊዝኛው ሁሉ ዓይኔ ያረፈው አንድ ቃል ላይ ብቻ ነበር፤ እሱንም አውቀዋለሁ። ካንሰር ነው። ጎተራ ኮንዶሚኒየም ለሚኖረው ወንድሜ ደወልኩ። "አሁን አትንገሪያት፤ በቃ ቀስ ብለን ሰው ሰብስበን እንነግራታለን" አለኝ። በአገራችን መርዶ እንኳ ሰው ተሰብስቦ ነው የሚነገረው፤ ትክክል መሰለኝ። ፖስታውን ቢሮዬ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበትና ቤት ገብቼ "ገና አልደረሰም አሉኝ" አልኳት።

"እሺ" አለች።

ማክሰኞም "አልደረሰም"፣ እሷም "እሺ"። ረቡዕም እንደዚያው። እናቴን ያህል ሰው አታለልኩ ብዬ በችሎታዬ ተገረምኩ።

ሐሙስ ግን ፊቷን ማየት ከበደኝ። እውነቱን መስጠት ካቃተኝ ቢያንስ ሥጋዋን ልስጣት አልኩ። ወደ ላቦራቶሪው ሄጄ፣ እያፈርኩ፣ እየተንተባተብኩ ጠየቅሁ። መስኮቱ ላይ ያለው ሰውዬ ቅንጣት አልገረመውም። "ብሎኩን ነው?" አለኝ። እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ብዙ ሰው ነው መሰል። አስፈርሞኝ፣ እናቴ ብታየው እንዴት ደስ ባላት፣ የክብሪት ቀፎ የማታህል ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ሰጠኝ። ክሮቹ በሰም ተከድነው ውስጧ ተኝተዋል። "እንዳትጥሉት፣ እህቴ፤ ሐኪሙ ሊፈልገው ይችላል" አለኝ።

ቤት ገብቼ በኩራት መዳፏ ላይ አስቀመጥኩላት። መነጽሯን አደረገች፤ ወደ መስኮቱ ይዛ ቆጠረች። አምስት። ደብተሩን አውጥታ "ተመላሽ ሆኗል" ብላ ጻፈችና ቀኑን አኖረች። ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳረፍኳት መሰለኝ።

መነጽሯን አወለቀች።

"ውሳኔ ያላገኘ ፋይል መዝገብ ቤት አይመለስም" አለች። "ይሄን ከመለሱልሽ አይተው ጨርሰዋል። ምን አሉ?"

ሰው መሰብሰቡ፣ ቀስ ማለቱ፣ ሁሉም ከሐሳቤ ጠፋ። ነገርኳት። ካንሰር ነው፣ ሐኪሙ በስልክ እንዳለኝ ገና ትንሽ ነው፣ ጡትሽ መውጣት አለበት አልኳት። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

"ሰኞ ነው ያወቅሽው?"

"ሰኞ።"

"እኔም ሰኞ ነው ያወቅሁት። ስትገቢ ፊትሽን አይቻለሁ። ማታ ማታ ስታለቅሺም እሰማለሁ፤ ይሄ ግድግዳ ስስ ነው።"

"ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም?"

"እስክትነግሪኝ ነዋ የጠበቅሁት" አለች። እኔን ቆማ ስትጠብቀኝ ነበር የሰነበተችው። "አንቺ ከግድግዳው ወዲያ ብቻሽን፣ እኔ ወዲህ ብቻዬን። ሦስት ሌሊት ሙሉ። አብረን እናለቅስ ነበር እኮ።"

መርፌው የገባበት ግራ ጎኗ ገና ያማት ነበር፤ በቀኝ በኩል ዞሬ አቀፍኳት።