ለወንድሜ የሚቀመጠው ሳህን

ወንድሜ ውጭ አገር የኮምፒዩተር ትምህርት ተምሮ ነቀምቴ የተመለሰው ታሞ ነው። በደርግ መጨረሻ አካባቢ መሆኑ ነው። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ቤት ተቀምጬ ነበር። ኮምፒዩተር አይቼ አላውቅም። እሱ ግን ሻል ሲለው በረንዳ ላይ ይቀመጥና ያስረዳኛል።

«በፕሮግራም ውስጥ ስም የራሱ ክልል አለው» አለኝ አንድ ቀን። «ጉራጌዋ ባለሱቅ ቤት ቁጭ ብለህ፣ እማዬ ከዚህ ተጣርታ ‹እንስራውን አምጣ› ብትልህ የማንን ታነሳለህ?»

«የእኛን ነዋ።»

«የእሷ እንስራ አጠገብህ ቢሆንስ?»

«ብነካው ታስለቅሰኛለች።»

ሳቀ። «አየህ፣ ትእዛዙ የተወለደበትን ቤት ያውቃል። እኔ በተማርኳቸው ቋንቋዎች እያንዳንዱ ነገር እንደ አንድ ቤት ነው፤ የየራሱ እንስራ አለው።»

ቀጥሎ ክሎዠር የሚሉትን ነገረኝ። እሱ ቶሎ አልገባኝም። አንድ ሥራ ሲያልቅ በውስጡ የነበሩት ተለዋዋጮች፣ ማለትም ስም ያላቸው ዕቃ መያዣዎች፣ አብረው ይጠፋሉ። ግን እዚያ ውስጥ የተወለደ ትእዛዝ ወጥቶ በሕይወት ካለ፣ የሚፈልገውን ተለዋዋጭ ይዞ ይቆያል። እንዲያ ነው ያለኝ።

«እማዬን ተመልከት» አለ። ወደ ውጭ የሄደ ዕለት ጠዋት እናታችን እህቴን «የወንድምሽን ድርሻ በዚያ ሳህን አስቀምጪ» ብላት ነበር። በእኛ ቤት ራቅ ብሎ ለሄደ ሰው ድርሻው ይቀመጣል። ያ ጠዋት ካለፈ ቆይቷል፤ ሳህኑ ግን እስኪመለስ ድረስ በየራቱ ከመደርደሪያው ይወርድ ነበር።

«ትእዛዙ የዚያን ጠዋት ምግብ ይዞ ይዞራል ማለት ነው?» አልኩት።

«የዚያን ዘመን ቂጣ ልታበላኝ ነው? የያዘው ሳህኑን ነው እንጂ ምግቡን አይደለም። ውስጡ ያለው ይለዋወጣል።»

«እስከ መቼ ይይዘዋል?»

«የሚጠራው እስካለ። የሚጠራው ሲጠፋ ማሽኑ ራሱ ያጸዳዋል።»

ክረምቱ ሲወጣ አረፈ።

ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ እናቴ እንደገና «የወንድምሽን አስቀምጪ» አለች። እህቴ እያለቀሰች አስቀመጠች። ባለሱቋ ጎረቤታችን «አዴ፣ ይቅርብሽ፣ ልብሽን አታድሚው» አለቻት። እኔ... እንዴት ልበለው። ሳህኑን ማየት አልቻልኩም፤ መቅረቱን ደግሞ ፈራሁ። ከቀረ ወንድሜም አብሮ የሚጸዳ መሰለኝ።

አንድ ምሽት ከጊዳ አያና መጥቶ ጓዳችንን የተከራየው ተማሪ ዝናብ አበስብሶት ገባ። እናቴ «ኮቱ፣ ኢልመ ኮ» ብላ፣ ና ልጄ ማለቷ ነው፣ እንደ ልጇ ጠራችውና ያንን ሳህን ፊቱ አቀረበችለት።

ልጁ እጁን ሰበሰበ። «የማን ነው?»

«የልጄ ድርሻ ነው። ብላ።»

በላ። እኔ ወጥቼ በረንዳው ላይ ቆምኩ። አለቀ፣ አሁን በቃ ጠፋ ብዬ ነበር።

በማግስቱ እህቴ ወደ ቢላ ከተማ ሄዳ ነበር። ራት ሲደርስ እናቴ ወደ መደርደሪያው እያየች «የወንድምህን» አለችኝ። ቃሉ ያው ነው፤ ትናንት ሌላ ሰው ስለበላበት ምንም አልተለወጠም። ወንድሜ «የያዘው ሳህኑን ነው» ያለኝ ያኔ ገባኝ።

ተነሳሁና አወረድኩት። ከዚያ በፊት ነክቼው አላውቅም ነበር። ሽሮ ጨመርኩበት፣ ከደንኩት፣ ከዚያ ተማሪውን ልጠራ ወጣሁ።