የሎሳ መኪና ዋጋ

ላፋኤሌን "መኪና ሻጭ ነው" ሲሉት እኔ ሳቄ ይመጣል። ሻጭ ማለት እኮ ሰው ሲለምነው ፊቱ የማይለወጥ ነው፤ ይኼ ልጅ ግን ደንበኛው "አይ፣ ተወደደብኝ" ካለው አብሮት ቁጭ ብሎ ይጨነቃል። ዘመዱ ነኝ፤ እዚያው ድርጅት እንግዳ መቀበያው ላይ ተቀምጬ ስልክ አነሳለሁና ስንቱ ሻጭ ሲመጣና ሲባረር አይቻለሁ። እንደሱ ያለ ግን አላየሁም።

ድሮ ሥጋ ፋብሪካ ነበር የሚሠራው። ወገቡን ሲያመው አስወጡት። ከዚያ ግራንት የሚባለው ማናጀራችን ቀጠረው፤ ለምን እንደቀጠረው ደግሞ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እዚህ ሎገን ከተማ ውስጥ ድንጋይ ብትወረውሩ የምትመቱት ሳሞአዊ ነው። "ያንተ ሰዎች አይከራከሩም" አለው ግራንት በመጀመሪያው ቀን፣ "አንተ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥላቸው፣ ሌላውን ለኔ ተወው።"

ውሸት አይደለም። የኛ ሽማግሌዎች ገበያ ላይ በአንድ እስር ጎመን ግማሽ ቀን ሲጨቃጨቁ ይውላሉ። ጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠው የራሳቸው ልጅ ከሆነ ግን አለቀ! ከልጅ ጋር ዋጋ መከራከር ነውር ነው። የተባሉትን ሰምተው፣ መርቀው፣ ፈርመው ይሄዳሉ። ላፋኤሌም ባስፈረመ ቁጥር ምሳ አይበላም ነበር። ሦስት ልጆች አሉት፣ ሚስቱም አራተኛውን አርግዛለች፤ የት ይሂድ?

አሁን ወደ ሎሳ ልምጣ። ላፋኤሌ ገና ሕፃን ሳለ እናቱ ስትሞት ያሳደገችው አክስቱ ሎሳ ናት። ከሳሞአ፣ ከሳቫዪ ደሴት ይዛው የመጣችውም፣ ትምህርት ቤት ያስገባችውም፣ የዳረችውም እሷ። እማማ ነው የሚላት። እልኸኛ ሴት ናት፣ እግዜር ያሳያችሁ። አንዴ ሱቅ ውስጥ መልስ አብልጠው ሰጥተዋት፣ ቤቷ ከደረሰች በኋላ በዝናብ ተመልሳ ሁለት አውቶቡስ ቀይራ ወስዳ አስረክባለች። የኔ ያልሆነ ገንዘብ ቤቴ አያድርም ትላለች።

ባሏ ሌኦታ ይባላል። ሌኦታ የማዕረግ ስሙ ነው፤ እናቱ ያወጣችለት ኤኔሌ ቢሆንም በዚያ ስም የሚጠራው ሰው ካለ ከመቃብር የተነሳ መሆን አለበት። የቤተሰባችን ተናጋሪ እሱ ነው። በሰርግም በለቅሶም በትሩን ተደግፎ ይቆምና ስለ ሁላችን ይናገራል፤ ከአፉ የወጣውም ቃል የሁላችን ቃል ነው። የሱን ቃል ብለን ርስት ሰጥተናል፣ ልጅ ድረናል፣ ከተጣላነው ጋር ታርቀናል።

ታዲያ ይኼ ሰው ኩላሊቱ ደከመ። በሳምንት ሦስት ጠዋት ሆስፒታል ሄዶ ደሙን ያጥቡለታል። ሎሳ ደግሞ ሌሊት ዶሮ ፋብሪካ ስትሠራ ታድርና ጎህ ሲቀድ ወጥታ፣ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር፣ እሱን ጭና ትነዳለች። ባለፈው ግንቦት አካባቢ መሪው ላይ እንቅልፍ ጣላት። ከመብራት ምሰሶ ጋር ተላተሙ። አሮጌዋ መኪና እዚያው ሞተች፣ እነሱ ግን ተረፉ።

ቤተሰቡ ተሰበሰበ። አሮጌ መኪና ይብቃን፣ አዲስ ይገዛ ተባለ። ልጆቹ የሚያዋጡት ከጡረታው ጋር ሲደመር በሳምንት ሁለት መቶ ዶላር ይከፍላል። ክፍያው ከዚያ ካላለፈ ሎሳ የሌሊቱን ሥራ ትተዋለች፣ እንደ ሰው ትተኛለች። ካለፈ ግን ትርፉን የምትሞላው ሎሳ ናት፤ ሌሊቷንም ትቀጥላለች፣ መሪውንም ትይዛለች። ይኼን ላፋኤሌም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

ላፋኤሌ ስልክ ደውሎ ለመናት። "እማማ፣ እኛ ጋ አትምጡ። ከኛ ከፍ ብሎ ሌላ መኪና መሸጫ አለ፣ እዚያ ሂዱ።"

"ምን አልክ? የራሴ ልጅ እያለልኝ ከባዕድ ልገዛ? ምን ይሉኛል ሰዎቹ?" ብላ ስልኩን ዘጋችበት።

የመጡት ቅዳሜ ነው፣ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል። በዚያ ሰሞን ማናጀሮች ሁሉ ያብዳሉ። ግራንት ደግሞ ዋዜማውን ላፋኤሌን ጠርቶ፣ "እስከ ነገ ማታ አንድ መኪና ካልሸጥክ ሰኞ አትምጣ" ብሎታል። የመስታወቱ ክፍል በሩ ክፍት ስለነበር ሰምቼዋለሁ።

ሌኦታ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ ሽርጡን አሳምሮ፣ በትሩን ይዞ ገባ። ከኋላው ሎሳ በኮኮናት ወተት የተጋገረ ዳቦ ትሪ ሙሉ ተሸክማ። መኪና ሊገዛ የመጣ ሰው ስጦታ ይዞ ሲገባ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ነን! የልጃቸው መሥሪያ ቤት ነዋ፤ ባዶ እጅ ይመጣል እንዴ? ግራንት ከመስታወት ክፍሉ ወጥቶ ትሪውን ከነዳቦው ይዞ ተመለሰ። ሻይ አቀረብኩላቸው።

ከዚያ ሌኦታ በትሩን ተደግፎ ቆመ። ወይ ጣጣ፣ አልኩ በሆዴ፣ ሊናገር ነው። ተናገረም። ቤቱን አመሰገነ፣ ግራንትን አመሰገነ፣ የሞተችውን የላፋኤሌን እናት አነሳ፣ ይኼን ልጅ ለዚህ ወንበር ያበቃውን አምላክ አመሰገነ። መጨረሻ ላይ፣ "ልጃችን የሚጠራውን ዋጋ ተቀብለናል" ብሎ ተቀመጠ።

ዋጋው እኮ ገና አልተነገረም! ላፋኤሌ ዓይኑን ጨፈነ።

ግራንት ያወጣው ወረቀት መጣ። የቀለም መከላከያ የሚሉት አለበት፣ የማይፈልጉት ተጨማሪ ዋስትና አለበት፣ ምን የሌለበት አለ? ሲደመር በሳምንት ሁለት መቶ ሰባ። ሎሳ ወረቀቱን አየች። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ጣቶቿን ቆለፈች።

ላፋኤሌ ወደ መስታወቱ ክፍል ገባ፣ ወጣ፣ ደግሞ ገባ። ግራንት ወንበሩ ላይ ተንፈላሶ ዳቦ ያኝካል። "ተነስተው ወጡ እንዴ?" አለው፤ መልሱንም ሳይጠብቅ ቀጠለ። "አልወጡም። ታዲያ ለተቀመጠ ሰው ምን ብዬ ነው የምቀንሰው? ሂድና አስፈርም።"

ተመልሶ መጣና በቋንቋችን፣ አንገቱን ደፍቶ፣ "አባባ፣ እባክዎ ተነስታችሁ ውጡ። በሩ ጋ ሳትደርሱ ሮጦ ይቀንስላችኋል" አለ።

"ተቀብያለሁ ብዬ የለም እንዴ?" አለ ሌኦታ።

"እሱማ ብለዋል። ግን ይኼ ሰውዬ የወጣ እንጂ የተቀመጠ ሰው አይሰማም። ፈረንጁ ሁሉ እንዲህ ነው የሚገዛው አባባ፤ ቲያትር ነው!"

"እኔ ቲያትረኛ ነኝ? ስማኝ ልጄ። አባቶቼ ከሰጡት ቃል የተነሱት ሲሰደቡ ብቻ ነው። የሰደበ ሰው ቃልህን ይመልስልሃል፣ ነጻ ትሆናለህ። እዚህ ማን ሰደበኝ? ዳቦዬን በሉልኝ፣ ሻይ አጠጡኝ። ምን ብዬ ልነሳ?"

"እማማ፣ አንቺ ንገሪያቸው" አለ ላፋኤሌ። 

ሎሳ ፈገግ አለችለት። "ተው ልጄ፣ አትጨነቅ። ሌሊቱን እንደሁ ለምጄዋለሁ። ላንተም እንጀራህ ነው" አለችው።  አይኗ ከእንቅልፍ ማጣት የተነሳ ደም መስሏል።

ሌኦታ እስክሪብቶውን አነሳ።

እንግዲህ ቀጥሎ ያየሁትን ስሙ። እኛ ዘንድ የተቀመጠ ሽማግሌ ፊት ቀጥ ብለህ አታልፍም፣ ጎንበስ ብለህ ይቅርታ ብለህ ነው። እግርህን ወደሱ አትዘረጋም። ላፋኤሌ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገና ሁለት እግሩን ከነጫማው ጠረጴዛው ላይ ሰቀለው፤ ሌኦታ ፊት። የጫማው ሶል ከሽማግሌው አፍንጫ ቢርቅ አንድ ክንድ ቢሆን ነው።

"ፈርም እንጂ፣ ኤኔሌ!" አለው ጮክ ብሎ። "ምን ይጎልትሃል? በየለቅሶው መለፍለፍ ነው እንዴ የምታውቀው? ሚስትህ ዶሮ እየገነጠለች የምታበላህ ሽማግሌ፣ እዚህ መጥተህ ጌታ ጌታ አትጫወትብኝ!"

 ቃሉ ያልገባቸው ሌሎቹ ሻጮች እንኳ ዞረው አዩ። እስክሪብቶው ከሌኦታ እጅ ወደቀ። ሎሳ ደግሞ ቀስ ብላ ተነሳች። ያሳደገችውን ልጅ ከእግር ጥፍሩ እስከ ራሱ አየችው። በጥፊ ብትለው ይሻል ነበር። የመስታወቱ ክፍል ገባች፣ የዳቦ ትሪዋን ከግራንት ጠረጴዛ ላይ አነሳች፣ ባሏን በክንዱ ይዛ ወደ በሩ አመራች።

ግራንት ዳቦ በአፉ እንደያዘ ሮጠ። "ቆይ! ቆይ! እንነጋገር!" እያለ መኪና ማቆሚያው ድረስ። የቀለሙን አወጣሁ አለ፣ ዋስትናውን አወጣሁ አለ። ሌኦታ ዞረና፣ "ቃሌ ተመልሶልኛል" አለ በቋንቋችን፣ ለማንም ሳይሆን ለራሱ። ከዚያ መከራከር ጀመረ። እናንተዬ፣ ሲከራከር! ያ በየሰርጉ ያንን ሁሉ ጥሎሽ የተሟገተ አንደበት ፀሐይ ላይ ቆሞ ግራንትን ላብ በላብ አደረገው። ሁለት ጊዜ ጥሎት ሊሄድ ተነሳ፣ ሁለቴም ግራንት ጎትቶ መለሰው። በመጨረሻ በሳምንት መቶ ዘጠና ገባ።

"ግን ያ ልጅ ወረቀቱን እንዳይነካብኝ" አለች ሎሳ። ወረቀቱን እኔ አዘጋጀሁ፣ ቁልፉንም እኔ ሰጠሁ።

እነሱ እንደሄዱ ግራንት የላፋኤሌን ጀርባ መታ መታ አደረገው። "አንተ! እንዲህ ያለ ዘዴ እያለህ ትደብቀኛለህ? አንዱ ያናድዳል፣ ሌላው ያባብላል! ሥራህ የተጠበቀ ነው። ሰኞም አንድ የናንተ ቤተሰብ ይመጣል፣ ይኼንኑ ትደግመዋለህ።" ላፋኤሌ ሽንት ቤት ገብቶ ብዙ ቆየ። ሲወጣ ያዝኩት። "ገብቶኛል፣ ለምን እንዳደረግከው ገብቶኛል" አልኩት። "ለእማማ እንዳትነግሪ" አለኝ። "ራሴ ይቅርታ እጠይቃታለሁ።"

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ እጁን ይዤ ወሰድኩት። አዲሷ መኪና ከዛፉ ሥር ቆማለች። ሌኦታ ውስጥ ብቻውን ተቀምጧል፤ ሎሳ ከሴቶቹ ጋር ድስት ትሰበስባለች። ላፋኤሌ መስኮቱ ጋ ደርሶ አስፋልቱ ላይ ሊንበረከክ ሲል ሌኦታ በትሩን አውጥቶ ደረቱ ላይ አሳረፈበትና አስቆመው።

"ተው። ሰው ያያል" አለው በሹክሹክታ።

"አባባ፣ እኔ እኮ..."

"አውቃለሁ። እግርህን ስትሰቅል እንባህ ቅርር ብሎ ነበር። እንባ ያቀረረው ተሳዳቢ የት አለ?" ሽማግሌው ፊት ለፊቱን እያየ ነው የሚናገረው። "ትናንት ማታ ሎሳ ተኛች። ማታ ተኝታ ጠዋት ተነሳች። ስንት ዓመቴ ነው ይኼን ካየሁ።"

"ታዲያ ይቅር ይበሉኝ።"

"ይቅር ካልኩህ ስድቡ ስድብ አልነበረም ማለት ነው። ስድብ ካልነበረ በተንኮል ወጣሁ፣ ቃሌንም በላሁ ማለት ነው። ሎሳን ታውቃታለህ። ይኼን ከሰማች የተቀነሰውን ገንዘብ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ለዚያ ሰውዬ ትመልስለታለች። ከዚያ ተመልሳ ወደ ዶሮው።" ቀና ብሎ አየው። "ስለዚህ ልጄ፣ ሰድበኸኛል። ከነስድብህ ኑር።"

"እስከ መቼ አባባ?"

"እስክሞት። ብዙም አይቆይም፣ አይዞህ።" አሻግሮ ተመለከተ። "እየመጣች ነው። ማታ 'ልጁ እንዲህ አልነበረም፣ ምን ነካው?' ስትል ነበር እስክትተኛ፤ መጠርጠር ጀምራለች። አሁን ስትሰድበኝ ትስማህ።"

ሎሳ ድስቱን በሁለት እጇ ይዛ እየመጣች ነበር። ላፋኤሌን ስታየው እርምጃዋ ቀዝቀዝ አለ። ምዬ ልንገራችሁ፣ ፊቷ ላይ ተስፋ ነበር። አንድ ቃል ብቻ፣ "እማማ" ቢላት ድስቱን ጥላ ታቅፈው ነበር።

ላፋኤሌ ሁለት እጁን ኪሱ ከተተ፣ የመኪናዋን ጎማ በጫማው ነካ አደረገ።

"እሺ፣ ኤኔሌ" አለ፣ እሷ እንድትሰማ ጮክ ብሎ። "በደህና ንዱ።"

ሎሳ ድስቱን ከኋላ አስቀመጠች፣ በሩን ዘጋች፣ ገብታ መኪናውን አስነሳች። አንድ ጊዜም ዞር አላለች። ጥሩ መኪና ነው፣ ሲሄድ ድምፁ እንኳ አይሰማም።